ስሙን ኦርቪል ይጥራው

ዱሉዝ፣ ሐይቁ ዳር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፤
ግድግዳው ስፖንጅ ለብሶ ማሚቶ የሚቀበርበት።
ኦርቪል መጽሐፍ ያነባል፣ ማየት ለተሳነው ጆሮ፤
እኔ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ አድሮ፣
ሳል ሲመጣ እቆርጣለሁ፣ ገጽ ሲንኮሻኮሽ እቆርጣለሁ፣
ሆዱ ሲጮህበት ደግሞ «እንደገና» እለዋለሁ።

ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በመርከብ ሬዲዮ ያረጀ፣
የወደብ ስም ሲያቀብል ጉሮሮውን ለጭጋግ የፈጀ፤
የፊንላንዱን ስም፣ የኦጂብዌውን፣ የፖላንዱን ስም የሚያውቅ፣
ምላሱ ቢደናቀፍም በሰው ፊት የማይሳቀቅ።
እሱ ነው ዛሬ የቆመ፣ ገጽ መቶ አርባ ሁለት ላይ፣
ከጨው ጉድጓዱ ሥር ያለው ፍጡር ስሙ ሲታይ።

መጽሐፉ የድሮ ነው፣ የሽብር፤ ደራሲው ከሞተ ሰንብቷል፤
እንዴት እንደሚጠሩት ለማንም ሳይነግር ሄዷል።
አናባቢ የለውም። ተነባቢ በተነባቢ ላይ፣
በረዶ እንደ ቆለለው የጀልባ መዓት፣ መውጫም መግቢያም የማይታይ።

«አንተ ሞክረው» አለኝ፤ «ያንተ ፊደል ብዙ ነው»።
ወረቀት ስቤ ጻፍኩለት፦ ዥህግልቅትር፤ ይኸው።
ሁሉም ሳድስ። ዝም ይበል ይናገር ያልለየ፣
አንዴ እንደ ትንፋሽ የሚሾልክ፣ አንዴ እንደ ቅርቃር የቆየ።

ግዕዙን ሞከርን፦ ዠሀገለቀተረ፤ ተረት ሊጀምር መሰለ።
ካዕቡን፦ ዡሁጉሉቁቱሩ፤ «ርግብ ነው፣ አያስፈራም» አለ።
ሳልሱን፦ ዢሂጊሊቂቲሪ፤ ሳቁን መግታት አቃተው፤
ራብዑን፦ ዣሃጋላቃታራ፤ «የባቡር ጣቢያ ስም ነው»።
ኃምሱ ላይ አስነጠሰ።
ሳብዑ፦ ዦሆጎሎቆቶሮ፤ ሐይቁ ራሱ አንኮራፋ፣ ጨረሰ።

ደግሞ ማጥበቅና ማላላት አለ፣ ፊደል የማይጽፈው ምስጢር፤
«ገና» በዓሉ፣ «ገና» ያልደረሰው፤ አንድ ጽሕፈት፣ ሁለት ነገር።
«ግ ትጥበቅ ወይስ ትላላ?» ብዬ በቁም ነገር ጠየቅኩት።
«ከጠበቀች ሰው ይሞታል» አለ። እንድትላላ ተውኩት።

ከዚያ ዓይኔ ከዳኝ። በቃሉ ሆድ ውስጥ ቃል አየሁ፦
«ህግ»፣ በሃሌታው ሀ ቢሆንም፤ «ልቅ»፤ «ትር»። ጣቴን አነሣሁ።
ማሰሪያ፣ ቀጥሎ መፈታት፣ ቀጥሎ አንዲት የልብ ምት፤
ደራሲው አማርኛ አያውቅም፤ በሕልሙም አልቃዠበት።
ግን ትርጉም የሌለው ቃል ባዶ ቤት ነው፣ የማይቆለፍ፤
የራሱን ፍርሃት አዝሎ ይገባበታል፣ መንገደኛው ሲያልፍ።

በኛ ዘንድ እንዲህ ላለው «ስሙን ቄስ ይጥራው» ይባላል።
ቄስ አልነበረም። ኦርቪል ነበር። ውሃ ጠጥቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል።
መብራቱ ቀላ። ጠራው። በምላሱ አልነበረም የጠራው፤
በዚያ በሬዲዮ ዘመን ጉሮሮ፣ መርከብ ስትሰምጥ በሚያሰማው፣
ግማሹ ማነቅ፣ ግማሹ ጥሪ። መርፌዋ ቀዩን ነካች።
«ይቀመጥ?» አለኝ። «ይቀመጥ» አልኩ። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠች።

በመጋቢት ከሂቢንግ ተደወለ። ሚስስ ዴልፊን ራንታላ፣ ሲወለዱም ዓይነ ስውር፤
ያንን መጽሐፍ በአሥራ አራት ዓመታቸው በብሬል አንብበውት ነበር።
«ተሳስታችኋል» አሉ በትሕትና። «ቃሉ ድምፅ የለውም ከቶ፤
የጉብታ ረድፍ ነው፤ ጣት ሥር ይነሣል፣ እንደ ብርድ ሽፍታ ወጥቶ።
ሰባ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ፤ አንድም ቀን አፌ አልገባ፤
ትናንት ሽማግሌው ሲጠራው፣ ፍጡሩ ራሱ አሳዘነኝ፤
ደረጃ መሃል የደከመው፣ ሆዱ የባባ።»

«እናጥፋው?» አልኳቸው። መልስ የለም። ከመስመሩ ማዶ፣
ጣት በወፍራም ወረቀት ላይ ሲሄድ ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ፣ ማልዶ
ጎረቤት ሳይነሣ በረዶ እንደሚጠርግ ሰው።
ከዚያ ቆመ።
እሳቸው አልተነፈሱም።
እኔም።

ኦርቪል ከመስታወቱ ወዲያ፣ ሳንድዊቹን እየፈታ፣
ቅንድቡን አነሣ፦ ምን አሉ?
ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ።